በአንድ ቁጥር የማይለካ መንገድ፦ ከወላይታ ሶዶ የሚነሱ የናፍጣ ፒክአፖች የነዳጅ ፍጆታና የኖርም ጥያቄ

በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ግቢ የሚቆም የናፍጣ ፒክአፕ ከሰሌዳ ቁጥሩ ሌላ አንድ ቁጥር ይዞ ይኖራል፤ እርሱም በአንድ ሊትር ሊሄድ ይገባዋል የተባለው ኪሎ ሜትር ነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ኖርም ይባላል። አሽከርካሪው ከመስክ ሲመለስ የስምሪት ክፍሉ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር ለተቀዳው ናፍጣ ያካፍላል። ውጤቱ ከኖርሙ ካነሰ አሽከርካሪው ማብራሪያ ይጠየቃል፤ ጥርጣሬውም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ናፍጣው ተሽጧል የሚል። ውጤቱ ከኖርሙ ጋር ከገጠመ ደግሞ ጠያቂ የለም። ኖርሙ ከመጀመሪያው ልል ሆኖ ትርፉ በጀሪካን ቢወጣ እንኳ መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ክርክር ይህ ዓይነቱ ነጠላ ቁጥር ሐቀኛውን ከሌባ ለመለየት አቅም የለውም የሚል ነው፤ ምክንያቱም የፒክአፑ ፍጆታ ከአሽከርካሪው ጠባይ ይልቅ በዳገቱ፣ በመንገዱ ዓይነትና በጭነቱ ይወሰናል።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይከብዳል። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ናፍጣ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት ለሁሉም እኩል ይሰጥ የነበረውን የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እያነሣ ድጎማውን በሕዝብ ማመላለሻ ላይ ስለወሰነ፣ የመሥሪያ ቤት መኪና የዋጋውን ጭማሪ በሙሉ ይሸከማል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ደግሞ ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫ ስትሆን ቢሮዎቹ አርባ ምንጭንና ዲላን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ተደለደሉ። አንድ ስብሰባ የሚጠይቀው ጉዞ ረዘመ ማለት ነው።

በወረቀት የሚነገረው ፍጆታና መንገድ ላይ የሚታየው አለመገጣጠማቸው በወላይታ የተጀመረ ነገር አይደለም። በአውሮፓ ለመንገደኛ መኪኖች በላቦራቶሪ ይመዘገብ የነበረው ፍጆታ ባለቤቶቹ በመንገድ ላይ ከሚያገኙት ጋር የነበረው ልዩነት እ.ኤ.አ. በ2001 ከ10 በመቶ በታች ነበር፤ በ2017 ወደ 40 በመቶ ተጠግቷል። የመኪኖቹ ጠባይ በዚያ መጠን አልተለወጠም፤ የተለወጠው አምራቾቹ የፈተናውን ቀዳዳ የማወቃቸው ልክ ነው። አዲሱ የፈተና ሥርዓት በ2017 ሥራ ላይ የዋለውም በዚሁ የተነሣ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደታቸው ከ3,856 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ከባድ ፒክአፖች የነዳጅ ፍጆታ መግለጫ እንዲለጠፍባቸው ሕጉ አያስገድድም። ስለዚህ የከባድ ናፍጣ ፒክአፕ ባለቤት እዚያም ቢሆን የቀዳውንና የሄደውን ራሱ እየመዘገበ ያሰላል። የሶዶው አሽከርካሪና የቴክሳሱ ገበሬ በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት ደብተር ይይዛሉ፤ የሚለያዩት ከደብተሩ በስተጀርባ በቆመው ተቆጣጣሪ ነው።

ዳገቱ ስንት ሊትር ይጠጣል?

ሶዶ በዳሞት ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ የምትርቀው አርባ ምንጭ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ በሁምቦ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆው ወርዶ የአባያን ሐይቅ ዳርቻ ይዞ ይሄዳል። ይህ የ700 ሜትር ልዩነት በናፍጣ ሲመነዘር ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል።

አንድ ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ከአምስት ሰውና ከመጠነኛ ዕቃ ጋር 2,800 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። ይህን ክብደት 700 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት የሚያስፈልገው ሥራ 19.2 ሜጋ ጁል ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ በውስጡ 36 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ይዟል፤ ከዚህ ውስጥ እስከ ጎማው የሚደርሰው 30 በመቶ ቢሆን 10.8 ሜጋ ጁል ይሆናል። ስለዚህ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ መውጣት ሜዳ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ 1.8 ሊትር ያህል ይጠይቃል። ያው መኪና በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያንኑ 120 ኪሎ ሜትር በደልዳላ አስፋልት ያለ ማቋረጥ ቢሄድ የመንከባለልንና የአየርን ተቃውሞ ለማሸነፍ 6.6 ሊትር ያህል ይበቃዋል። ጭማሪው ከሩብ በላይ ነው። ጭነቱ በአምስት ኩንታል ሲያድግ ደግሞ ለመውጣት የሚያስፈልገው ሥራ በ18 በመቶ ያድጋል።

በዚህ ላይ የሚነሣው የተለመደ መልስ «ሲወርድ ያገኘዋል» የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው። ከላይ ለተጠቀሰው መኪና በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአስፋልት ላይ የሚገጥመው ጠቅላላ ተቃውሞ 590 ኒውተን ገደማ ሲሆን ይህ የክብደቱ 2 በመቶ ያህል ነው። ቁልቁለቱ ከ2 በመቶ ካልበለጠ ስበቱ የሞተሩን ሥራ ይተካል፤ ሲወጣ የተከፈለው አብዛኛው ይመለሳል። ቁልቁለቱ ከዚያ ሲበልጥ ግን ትርፉ ወደ ፍሬን ይሄዳል፤ ሙቀት ሆኖ ይበተናል፤ የከፈለው ናፍጣ አይመለስም። የዳሞትን ወገብ እየተጠማዘዙ የሚወጡና የሚወርዱ የገጠር መንገዶች በአብዛኛው ከዚህ ወሰን በላይ ናቸው። መኪናው በመነሻው ከፍታ ተመልሶ ቢቆምም በመካከሉ የወጣቸውና በፍሬን የወረዳቸው ጉብታዎች ሁሉ ተደምረው ይቆጠራሉ። ሁለት ከተሞችን በከፍታ ልዩነታቸው ብቻ ማነጻጸር ስለዚህ ያሳስታል።

እግረ መንገድ አንድ ነገር መጥቀስ ይገባል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መውረድ ናፍጣ ይቆጥባል የሚለው እምነት ዛሬም ሰፊ ነው። ሞተሩ በማርሽ ተይዞ ሲወርድ ግን ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞረው ፖምፓው ናፍጣውን ይቆርጣል፤ በፎሌ ሲወርድ ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣት አለበት። የፍሬን መጋል አደጋ ሳይቆጠር እንኳ ቁጠባ የተባለው ወጪ ነው።

አስፋልቱ ከሚያልቅበት በኋላ

በወላይታ የመስክ ሥራ ማለት በአብዛኛው ከአስፋልት መውጣት ነው። ከሶዶ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ወደ ሆቢቻና ወደ ቢጠና፣ ከዚያም ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚሄድ የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ መኪናው በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚያሳልፍ ያውቃል። የመንከባለል ተቃውሞ በደኅና አስፋልት ከክብደቱ 1.5 በመቶ ያህል ቢሆን በልል ጠጠር ላይ 3 በመቶ ሊሆን ይችላል። መኪናው ፍጥነቱን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢቀንስና የአየሩ ተቃውሞ ቢቀልለት እንኳ ጠቅላላው ተቃውሞ በአስፋልት በ60 ሲነዳ ከነበረው በ50 በመቶ ይበልጣል። በበልግና በክረምት የአካባቢው ቀይ አፈር ሲጨቀይ ደግሞ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። ጎማው በጭቃ ውስጥ ቆሞ ሲሽከረከር ኪሎ ሜትር ቆጣሪው መቁጠሩን አያቆምምና መዝገቡ ላይ ያልተሄደ መንገድ ይጻፋል። ይህ ለአሽከርካሪው የሚጠቅም ስሕተት ነው፤ ነገር ግን በዚያው ቅጽበት የሚቃጠለው ናፍጣ ከሚቆጠርለት ኪሎ ሜትር እጅግ ይበልጣል።

ከፍታው ራሱ ግን በተለምዶ የሚወቀሰውን ያህል ጥፋተኛ አይደለም። በ2,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ 18 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ በዚያው መጠን የአየር ተቃውሞ ይቀንሳል። ጉዳቱ የሚታየው ተርቦ በሌላቸው ሞተሮች ላይ ነው። በላንድ ክሩዘር ፒክአፖች ላይ የሚገኘው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 4.2 ሊትር ሞተር ከዚህ ወገን ነው። አየሩ ሲያንሰው ጉልበቱ ይወርዳል፤ ፖምፓው ለቆላ ተስተካክሎ ከሆነም ያልተቃጠለው ናፍጣ በጥቁር ጢስ ይወጣል። አሽከርካሪው ዝቅ ባለ ማርሽ ረጅም ጊዜ ለመንዳት ይገደዳል። ተርቦ ያለው ሃይሉክስ ይህ ችግር ያንሰዋል። ሁለቱን በአንድ «የፒክአፕ ኖርም» ሥር ማስቀመጥ የሚያስከትለው ግፍ ግልጽ ነው።

መቆምም ይበላል። ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ የሚጠብቅ የዚህ ዓይነት መኪና በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያቃጥላል፤ ኪሎ ሜትሩ ግን ዜሮ ነው። በአባያ ዳር ሙቀት ቀዝቃዛ አየር እንዲነፍስለት የሚፈልገው ከኋላ የተቀመጠው ኃላፊ ሲሆን፣ በኖርም የሚጠየቀው ከፊት የተቀመጠው ነው።

የአማካዩ ወጥመድ

እስካሁን የተዘረዘረው የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ጉድለት ግን ከሂሳብ የሚመጣው ነው፤ ለማረም ምንም ገንዘብ አይጠይቅምና። አንድ ፒክአፕ በአስፋልት በሊትር 14፣ በገጠር ጠጠር 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን እናስብ። ኖርም አውጪው ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና 11 ብሎ ይጽፋል። መኪናው በወር 500 ኪሎ ሜትር በአስፋልት፣ 500 ኪሎ ሜትር በጠጠር ሲሄድ የሚያቃጥለው 35.7 እና 62.5፣ በድምሩ 98.2 ሊትር ነው። በኖርሙ የተፈቀደለት ግን 90.9 ሊትር ብቻ ነው። 7.3 ሊትር ናፍጣ «ጠፍቷል»፤ ከሰልባትዮው አንዲት ጠብታ ሳትቀዳ። ትክክለኛው አማካይ 10.2 ኪሎ ሜትር እንጂ 11 አይደለም፤ በሊትር የሚሄድ ኪሎ ሜትር እንደ ተራ ቁጥር ተደምሮ የሚካፈል ነገር አይደለምና።

በሚቀጥለው ወር ያው አሽከርካሪ 700 ኪሎ ሜትር በአስፋልት፣ 300 ኪሎ ሜትር በጠጠር ቢሄድ 87.5 ሊትር ይበቃዋል። ኖርሙ 90.9 ይሰጠዋል፤ 3.4 ሊትር ይተርፈዋል። ባለፈው ወር የተጠረጠረው ሰው በዚህ ወር ምስጉን ይሆናል፤ በሁለቱም ወራት የነዳው ግን በአንድ ዓይነት እግር ነው። አንዳንድ አሽከርካሪ ይህን በልምድ ስለሚያውቅ የአስፋልቱን ወር ትርፍ ለጠጠሩ ወር ያስቀምጣል። ይህም በመዝገብ ዓይን ማጭበርበር ነው።

መፍትሔው ኖርምን መሻር አይደለም። ተቆጣጣሪ የሌለው ናፍጣ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። የሚያስፈልገው መለኪያውን መገልበጥ ነው፤ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር በሚለው ፋንታ በእያንዳንዱ መስመር ስንት ሊትር ብሎ መተመን። ሊትር ይደመራል። ከሶዶ አርባ ምንጭ መውረድ ይህን ያህል፣ መመለስ ይህን ያህል፣ ከሶዶ ቢጠና በበጋ ይህን ያህል፣ በክረምት ይህን ያህል ተብሎ ቢጻፍ የወሩ ጉዞ በድምር ይታወቃል፤ ለቆመበት ሰዓትም የራሱ ሊትር ይያዝለታል።

ትመናው በሙከራ መገኘት አለበት። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሰልባትዮው ሞልቶ መነሣት፣ መስመሩን መሄድ፣ ተመልሶ በዚያው ማደያ፣ በዚያው መቅጃ፣ መኪናው በዚያው ደልዳላ ቦታ ቆሞ እንደገና መሙላት። ነገር ግን የአንድ ጊዜ ሙከራ አይበቃም። መቅጃው ሞልቷል ብሎ የሚያቆምበት ቦታ እስከ ሁለት ሊትር ሊለያይ ይችላል፤ 12 ሊትር ለሚፈጅ ጉዞ ይህ 17 በመቶ ስሕተት ነው። ያው ሁለት ሊትር በ300 ሊትር ላይ ሲያርፍ ከ1 በመቶ በታች ይሆናል። ሙቀቱም ድርሻ አለው፤ 80 ሊትር ናፍጣ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ከግማሽ ሊትር በላይ ያብጣል፤ ስለዚህ ጠዋት ተቀድቶ ቀትር ላይ መለካት አይገባም። የጎማው ልክም ይመርመር። በፋብሪካ ከተገጠመው በ5 በመቶ የሚሰፋ ዲያሜትር ያለው ጎማ የተገጠመለት መኪና 100 ኪሎ ሜትር ሄዶ ቆጣሪው 95 ያህል ብቻ ይጽፍለታል፤ አሽከርካሪው አምስቱን ኪሎ ሜትር ሄዶ አልሄደም ይባላል። መንገዱን በስልክ ጂፒኤስ ማረጋገጥ ዛሬ ለማንም አይከብድም፤ በዚያው የከፍታው መውጣትና መውረድም ይመዘገባል።

ከዚህ የሚገኘው ትመና የሚሸከመው ክብደት መጠኑ ሊታወቅ ይገባል። በአንድ ጉዞ የታየ የሁለት ሊትር ልዩነት ማንንም ለመክሰስ አይበቃም፤ ከመለኪያው ስሕተት ወሰን ውስጥ ነው። በተከታታይ ወራት፣ በዚያው መስመር፣ በዚያው መኪና ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ልዩነት ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ጥያቄም ለአሽከርካሪው ሳይሆን ለመካኒኩ ቢቀርብ ይሻላል፤ የተዘጋ የአየር ማጣሪያ፣ ነፋሱ የጎደለ ጎማ፣ የሚይዝ ፍሬን ወይም ያረጀ የናፍጣ መርጫ በመዝገቡ ላይ የሚተዉት ምልክት ከጀሪካኑ ምልክት አይለይም። በሶዶ መሥሪያ ቤቶች መሳቢያ ውስጥ የሚገኙት የጉዞ መዝገቦች ቀን፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ ኪሎ ሜትርና ሊትር ይዘዋል። ከእነዚህ ጎን የመንገዱ ዓይነት፣ የጭነቱ ኩንታልና ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመበት ሰዓት የሚሞሉባቸው ሦስት ዓምዶች ቢጨመሩ፣ በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ የመስመር ትመናውን ከራሱ ከሥራው ማውጣት ይቻላል።