ሐኪም መሆን ፈልጌ ነበር

አዛውንቱ ጎንደር ተምረው ዕድሜያቸውን ከወረዳ ወረዳ ሲዞሩ የኖሩ ጡረተኛ ሳኒተሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ ናቸው። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሳለች። የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲሞላ አንደኛ ያደረገችው ሕክምናን ነበር፤ የደረሳት የአካባቢ ጤና ነው።

ልጅቱ፦ አባባ፣ ትምህርቴን ላቋርጥ ዊዝድሮው ልሞላ ነው። እናቴ ግን እርስዎን ሳላናግር እንዳልሞላ አስማለችኝ።

አዛውንቱ፦ ደግ አድርጋለች። ላስቆምሽ ግን አልችልም፤ አልፈልግምም። እስቲ ከሥሩ ንገሪኝ፤ ሐኪም የመሆን ሐሳብ መቼ ገባሽ?

ልጅቱ፦ መቼ እንደገባኝ እንጃ። ኬጂ ስንመረቅ ነጭ ጋዎን አልብሰው፣ የፕላስቲክ ስቴቶስኮፕ አንገቴ ላይ አንጠልጥለው ያነሱኝ ፎቶ እስካሁን ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ዶክተሯ» እያሉ ነው ያሳደጉኝ።

አዛውንቱ፦ ሌሎቹ ልጆችስ ምን ለብሰው ነበር?

ልጅቱ፦ ግማሹ እንደኔ ጋዎን። ወንዶቹ ብዙዎቹ ፓይለት። አንዱ የኢንጂነር ቆብ አድርጎ ነበር። ሌላ ትዝ አይለኝም።

አዛውንቱ፦ በእኛ መንደር ደግሞ ልጅ ሁሉ የሚመኘው ቄስነት፣ ዳኝነት ወይም ወታደርነት ነበር። ሌላ ሙያ ጠፍቶ አይደለም። ሸማኔው ነበር፣ ቀጥቃጩ ነበር፣ ሸክላ ሠሪዋ ነበረች፤ የምንለብሰውም የምናርስበትም የምንበላበትም ከነሱ እጅ የወጣ ነው። ግን ሲናቁ እንጂ ሲከበሩ አላየንም። ልጅ የሚመኘው ሰው ብድግ ብሎ የሚቀበለውን ነው። ጭራሽ ያላየውን ደግሞ እንዴት ብሎ ይመኛል? እኔ ሐኪም ያየሁት በ1951 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪም የሚባል ፍጡር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ልጅቱ፦ ምን ሆኖ?

አዛውንቱ፦ ወባ ነበር። ከ1950 ክረምት ጀምሮ ወባ ወደማያውቃት ወይናደጋ ወጣች። በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። ይህን ቁጥር ያወቅሁት ኋላ ተምሬ ነው፤ ያኔ የማየው የደረሰ ጤፍ አጫጅ አጥቶ ሲረግፍ ነበር፤ አጫጁ ከነቤተሰቡ ተኝቷል። አንድ ቀን በበቅሎ የተቀመጠ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ከች አለ። እንክብል ከሳጥን እያወጣ፣ በእጁ እየሰፈረ፣ በፊቱ እስኪዋጥ ድረስ ቆሞ ያያል። አባቴ በሳምንቱ ተነሥቶ እህል ቀመሰ። እናቴ የሰውዬውን ጉልበት ስማለች። እኔ ያን ቀን ቁርጤን አደረግኩ። ብዙ ቆይቶ ሲገባኝ ሰውዬው ሐኪም አልነበረም፤ ድሬሰር የሚባል የጤና ረዳት ነበር።

ልጅቱ፦ ታዲያ እንዴት ሳይሆኑ ቀሩ?

አዛውንቱ፦ በእኔ ዘመን የሕክምና ፋኩልቲው አዲስ አበባ ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ የሚቀበለውም በጣት የሚቆጠር ተማሪ። በ1947 የተከፈተው የጎንደሩ ጤና ኮሌጅ ደግሞ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን በአንድ ግቢ ያሠለጥን ነበር። ሲመረቁ በቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ። ጤና መኮንኑ በሽተኛ ያያል፤ እኔም ያንን ብዬ አመለከትኩ። የደረሰኝ ሳኒተሪያን ነው። አጎቴ ሲሰማ «ጉድጓድ ማስቆፈርማ እዚሁም ይቻል ነበር» አለ።

ልጅቱ፦ እኔንም እንደዚያ ነው ያሉኝ። «ሽንት ቤት ልታስቆፍሪ ነው ይህን ሁሉ ያጠናሽው?» ይሉኛል። አባባ፣ በ2016 የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣነው በመላ አገሪቱ 5.4 በመቶ ብቻ ነን። ከዚያ ውስጥ ገብቼ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አጥንቼ፣ መጨረሻው ይህ ሲሆን ይበሳጫል ሰው!

አዛውንቱ፦ ተበሳጪ፤ እውነትሽን ነው። የተመኙትን ማጣት ያማል። የእኔም ንዴት ቶሎ አልወጣልኝም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሰልፉ ሁሉ ከጤና መኮንኑ በር ላይ ነው። እኔ ጋር የሚመጣ የለም፤ ሥራዬ ሰው እዚያ ሰልፍ ላይ እንዳይቆም ማድረግ ነዋ። ያልታመመ ሰው መጥቶ «እንዳልታመም አድርገኸኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አይልም። አይመሰገንም ይህ ሥራ። ሳትገቢበት እወቂው።

ልጅቱ፦ ታዲያ ምን አኖረዎት?

አዛውንቱ፦ መጀመሪያ ግድ ነው። ኋላ ፈንጣጣ መጣ። እኔ በተመረቅሁበት በ1963 ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ፤ በዚያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሰው በፈንጣጣ መያዙ ተመዝግቧል። ለዘመቻው ሳኒተሪያኖች ተፈለጉ፤ አገሩን በእግር የምናውቀው እኛ ነና። መርፌዋን ብታያት! ከጣት ብዙ አትበልጥም፣ ጫፏ ሁለት ጥርስ ያለው ሹካ ነው። ክትባቱ ውስጥ ትነክሪያታለሽ፤ በሁለቱ ጥርስ መካከል አንዲት ጠብታ ትይዛለች። ከዚያ ክንድ ላይ ቶሎ ቶሎ ዐሥራ አምስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ። ጥቂት ቆይቶ ደም ብቅ ካለ በደንብ ተወግቷል፤ ካላለ ትደግሚዋለሽ። በቃ። ዶክተር አይፈልግም፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም።

ልጅቱ፦ ሴት አያቴ ክንዷ ላይ ክብ ጠባሳ አላት።

አዛውንቱ፦ እሱ ነው። ከባዱ መውጋቱ አልነበረም፤ በሽተኛውን ማግኘቱ ነው። በእኛ አገር የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ስለሆነ ሕዝቡ ብዙም አይፈራው፣ እንዲያውም አንዳንዱ ከበሽተኛው ቁስል ወስዶ በራሱ ልማድ ይከትባል። እኛ ገበያ ቆመን ፈንጣጣ የያዘው ልጅ ሥዕል እናሳያለን፦ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» አዎ ያለ ካለ መንደሩን ጠይቀን ገደል ወርደን እንሄዳለን። በሽተኛውን ስናገኝ ማን ጋር እንዳደረ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን ሊጠይቀው እንደገባ እየመዘገብን ዙሪያውን እንከትባለን። በአገራችን የመጨረሻዋ በሽተኛ በነሐሴ 1968 ባሌ ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር የተገኘች ሕፃን ናት። ከዚያ በሽታው ሶማሊያ ላይ ጥቂት ቆየ፤ በ1972 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ልጅቱ፦ ይህን አላውቅም ነበር።

አዛውንቱ፦ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የዓለም የመጨረሻው ሰው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዓሊ ማው ማሊን ይባላል፤ ሶማሊያ ውስጥ መርካ ሆስፒታል ወጥ ቤት የሚሠራ ወጣት ነበር። የታመሙ ልጆች የጫነ መኪና መንገድ ሊያሳይ ለጥቂት ደቂቃ አብሮ ተሳፍሮ ነው የያዘው፣ በጥቅምት 1970። ዳነ። ዓመታት ቆይቶ ደግሞ ለፖሊዮ ክትባት መንደር ለመንደር እየዞረ እናቶችን ሲያሳምን ኖረ። ልጅ ሆኖ «ሳድግ የክትባት ቀስቃሽ እሆናለሁ» ብሎ ያውቃል ብለሽ ነው? ማንም ልጅ እንዲህ አይልም።

ልጅቱ፦ እሺ፣ ይህ የጀግና ዘመን ነው። አሁን ፈንጣጣ የለም።

አዛውንቱ፦ ኮሌራ አለ። በ2014 ነሐሴ ባሌ ውስጥ የተነሣው ወረርሽኝ ዓመታት ቆይቶ ስንቱን ክልል አዳረሰ። ኮሌራ ደግሞ የውሃና የሽንት ቤት በሽታ ነው። ሆስፒታል በደም ሥር ፈሳሽ ሰጥቶ የመጣውን ሰው ያድናል፣ ክብር ይግባው። ነገ የሚመጣውን ግን ምንጩ ላይ የቆመው ሰው ነው የሚያስቀረው። ምንጭ ሲጎለብት አይተሻል?

ልጅቱ፦ አላየሁም።

አዛውንቱ፦ የምንጩን ዓይን እስክታገኚ ድረስ ወደ ኮረብታው ትቆፍሪያለሽ። ውሃው የሚፈልቅበትን ስታገኚ ድንጋይ ትደረድሪያለሽ፣ ላዩ ላይ ጠጠር፣ በላዩ የሸክላ አፈር ጠቅጥቀሽ ትደፍኚዋለሽ፤ ከላይ ምንም እንዳይሰርግ። ከፊት ግንብ፣ በግንቡ ቧንቧ። ከሁሉ ሰው የሚረሳው ከምንጩ በላይ የሚቆፈረውን የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ነው። እሱ ከሌለ የመጀመሪያው ክረምት የከብት እበቱንም የሰው ዓይነ ምድሩንም አጥቦ ያስገባዋል፤ ሲሚንቶው ሁሉ ከንቱ። አጥር፣ ለከብት ራቅ ያለ ገንዳ፣ የሚጠብቅ ኮሚቴ። በዚያ ቧንቧ የጠጣ ልጅ በተቅማጥ ሳይሞት ያድጋል፤ ለምን እንዳልሞተ ግን አያውቅም። ስለዚህ እሱም ሲጠይቁት «ሐኪም» ይላል።

ልጅቱ፦ አባባ፣ ያሳምናሉ። ግን አፈወርቅ ተክሌም ወደ እንግሊዝ የተላከው ማዕድን ምህንድስና እንዲያጠና ነበር፤ ትቶ ሠዓሊ ሆነ። ሙላቱ አስታጥቄም ምህንድስና ተብሎ ተልኮ ነው ወደ ሙዚቃ የገባው። የተመደቡበትን ቢማሩ ኖሮ የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል አይኖርም፣ ኢትዮ ጃዝም አይኖርም። እኔስ ለምን እቀራለሁ?

አዛውንቱ፦ ጥሩ አመጣሽ። አልቃወምሽም፤ ትክክል አድርገዋል። ነገር ግን አፈወርቅ የሄደው ወደ «ሠዓሊ» ስም አይደለም፤ ልጅ ሆኖ አንኮበር ግድግዳ ላይ ሲስል ያደገ ነው። እጁ ቀድሞ ገብቶበታል። ሙላቱም በተላከበት ትምህርት ቤት የሙዚቃ መሣሪያ ይዞ፣ ችሎታው ታይቶለት ነው ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ኋላም አሜሪካ ቦስተን የሄደው። የተውትን ሳይሆን የሄዱበትን እይ። አንቺ እጅሽ የገባበት የቱ ጋ ነው?

ልጅቱ፦ ሕክምናን ማን ሳይማር ይሠራዋል?

አዛውንቱ፦ በሽተኛ አጠገብ ቆመሽ አታውቂም?

ልጅቱ፦ ቆሜያለሁ። አያቴ ስኳር አለባት፤ ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ ሆስፒታል ተኝታ አስታምሜያለሁ። ሐኪሙ ራውንድ ሲገባ ሁላችንም እንነሣለን፤ አያቴ እንኳ ነጠላዋን ታስተካክላለች። እውነቱን ልንገርዎት? እንደዚያ መታየት ፈልጌያለሁ።

አዛውንቱ፦ እኔም የፈለግኩት ነጩን ልብስ ነው፤ ነውር የለውም። አንቺ ራስሽ ግን ምን ትሠሪ ነበር?

ልጅቱ፦ ቤት ከገባች በኋላ ስኳሯን የምለካው እኔ ነበርኩ። ደብተር ላይ እመዘግብ ነበር። እሑድና ሰኞ ሁልጊዜ ከፍ ይላል። ኢንሱሊኑ ያው፣ ምግቡ ያው። ግራ ገብቶኝ ወሩን ሙሉ ጠያቂ የመጣበትን ቀን ከጎኑ ጻፍኩ። ለካ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚመጡት ዘመዶች የታሸገ ጭማቂ ይዘው ይመጣሉ፤ እሷም ለሰው ደስ ይበለው ብላ ትጠጣለች። ማታ የተረፈውን ደግሞ ትደግማለች።

አዛውንቱ፦ ማን አዘዘሽ?

ልጅቱ፦ ማንም። ምክንያቱን ማወቅ ነበረብኝ።

አዛውንቱ፦ እኔ ፈንጣጣ ፍለጋ ስዞር የማደርገው እሱን ነው። ማን ገባ፣ መቼ ገባ፣ ከየት መጣ።

ልጅቱ፦ ጥሩ ሐኪምም ያንን ያደርጋል።

አዛውንቱ፦ ያደርጋል፤ እውነት ነው። ለዚህም ነው አትግቢ የማልልሽ። ከኔ ጋር ከሠሩት ተመልሰው ተምረው ሐኪም የሆኑ አሉ፤ ጎበዞች ነበሩ፣ ውሃውንም ስለሚያውቁ። እዚያው ቀርተው እስከ ጡረታ ያማረሩም አሉ፤ እነሱን ምደባው በድሏቸዋል፣ እኔም በዚህ ሥርዓቱን እከሳለሁ። ሕፃን ልጅን አንድ ፎቶ አንሥተን ከዐሥር ዓመት በላይ «ዶክተሯ» ስንላት ከርመን፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ሳናሳያት፣ በአንድ ወረቀት «የአካባቢ ጤና» ማለት በደል ነው።

ልጅቱ፦ ደመወዙስ? ሥራውስ ይገኛል?

አዛውንቱ፦ ደመወዙ ትንሽ ነው። ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ አሉ፤ አሁን ግን ሐኪሞችም ተመርቀው እየጠበቁ ነው። ሰፈር ያለውን ሥራ ደግሞ በ1995 በተጀመረው መርሐ ግብር የተሰማሩት ጤና ኤክስቴንሽኖች ይዘውታል፤ ከ30 ሺህ በላይ ሆነዋል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች። አንቺ ብትገቢ የምትደግፊው እነሱን ነው፤ የውሃ ምርመራ፣ የምግብ ቤት ቁጥጥር፣ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የሆስፒታል ቆሻሻ አወጋገድ ያንቺ ነው። ፎርሙ መቼ ይዘጋል?

ልጅቱ፦ ዓርብ።

አዛውንቱ፦ ዛሬ ማክሰኞ ነው። ነገ ሬጅስትራር ሄደሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ዊዝድሮው ሞልቶ የተመለሰ ተማሪ ሕክምና ለመግባት ዳግም ይወዳደራል ወይስ ያው ምደባው ይጠብቀዋል? በቃል ሳይሆን በመመሪያ ያሳዩሽ። ሁለተኛ፣ በ2004 ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሕክምና የሚያስተምር መርሐ ግብር ተጀምሮ ነበር፤ ዛሬ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበል፣ የአካባቢ ጤና ዲግሪ ይዞ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ሐሙስ ደግሞ የኛ ቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ቤት ለቤት ትወጣለች፤ እነግራታለሁ፣ አብረሻት ዋዪ። ክፍት ጫማ እንዳታደርጊ፤ ወንዙ ዳር ያሉት ቤቶች ጋ ጭቃ ነው።

ልጅቱ፦ ዞሬም አይቼ ልሙላ ካልኩስ?

አዛውንቱ፦ ትሞያለሽ። ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ።