የሹራብ ሥራና የኑሮ ውጣ ውረድ

ብዙ ሰው መልካም ሥራ ለመጀመር አስቦ፥ «ጊዜ ሲመቸኝ፥ ሐሳቤም ሲያርፍ እጀምረዋለሁ» ይላል። ነገር ግን በዚህ ዓለም የሚመች ጊዜ ጥቂት ነው። ዛሬ ሕመም፥ ነገ ኀዘን፥ ከነገ ወዲያም የገንዘብ ችግር ይመጣል። እንዲህ የሚል ሰው ሥራውን ሳይጀምር ዕድሜው ያልፋል። እንግዲህ በውጣ ውረድ መካከል ሥራ እንዴት እንደሚፈጸም፥ በእጅ ከሚሠራ ሹራብ እንማር። ነገሩ ትንሽ ስለ ሆነ ማንም አይናቀው።

1ኛ፤ ሹራብ እንዴት ይሠራል?

ሸማ በድርና በማግ እንደሚሠራ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ድሩ ይወጠራል፤ ማጉም በመወርወሪያ እየተላለፈ ይገባበታል። ሸማኔው የተወጠረውን ድር ተሸክሞ ወደ ገበያ ሊሄድ አይችልም። ሹራብ ግን ድርም ማግም የለውም። አንድ የሱፍ ክር በረዣዥም መርፌዎች ላይ እየታጠፈ ቀለበት ቀለበት ይሆናል፤ በላይኛው ረድፍ ያለው ቀለበት ሁሉ በበታቹ ባለው ቀለበት ውስጥ ተስቦ ያልፋል። ስለዚህ ጨርቁ ሲስቡት ይለጠጣል፥ ሲለቁትም ይመለሳል። ሠራተኛዋም ሥራውን በማናቸውም ሰዓት ልታቆመው፥ በከረጢት ልትይዘው፥ በሌላ ስፍራም ካቆመችበት ልትቀጥለው ትችላለች።

አሁን ቍጥሩን እናስብ። ዙሪያው 300 ቀለበት የሆነ የሹራብ አካል 200 ዙር ቢሠራ፥ እጅጌው ሳይቈጠር 60,000 ቀለበት ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለመጨረስ የምታስብ ሴት ገና ሳትጀምር ትደክማለች። አንዱን ዙር ብቻ የምታስብ ግን አንድ ቀን ሹራቡ አልቆ ታገኘዋለች።

2ኛ፤ ስለ ሼትላንድ ሴቶች

ይህ ሥራ ከኑሮ ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ የሚያሳይ አንድ አገር አለ። ሼትላንድ የሚባሉት፥ ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን በባሕር መካከል ያሉ ከ100 የሚበልጡ ደሴቶች ናቸው፤ ሰው የሚኖርባቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ዛፉም ጥቂት ነው። በታኅሣሥ ወር ቀኑ እጅግ ሲያጥር ፀሐይ የምትታየው 6 ሰዓት እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የዚያ አገር ወንዶች ክዳን በሌለው፥ በ6 መቅዘፊያ በሚሄድ ጀልባ ወደ ጥልቁ ባሕር ለዓሣ ይወጡ ነበር። ሴቶቹ እርሻውንና ከብቱን ይጠብቃሉ፤ ከረግረግ ተቈርጦ የደረቀውንም አፈር ለማገዶ በቅርጫት አዝለው ያመጣሉ። ሸክሙ በጀርባቸው ሳለ እጃቸው ሥራ አይፈታም ነበርና፥ እየሄዱ ሹራብ ይሠሩ ነበር። ለዚህም ልዩ ቀበቶ ነበራቸው፤ በቀበቶው ላይ የፈረስ ጠጉር የተሞላ፥ ብዙ ቀዳዳ ያለው ቆዳ አለ። የአንዱ መርፌ ጫፍ በቀዳዳው ተሰክቶ ስለሚጸና እጃቸው ይፈጥናል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችንም ከጎረቤት ጋር እየተጫወቱ በእንዝርት ጥጥ ሲፈትሉ አይተናልና።

የዚያ አገር ኑሮ ግን ጨዋታ አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሐምሌ 20 ቀን 1881 ዓ.ም. በየል ደሴት ከግሉፕ ወደ ባሕር የወጡ ጀልባዎች ድንገተኛ ማዕበል አገኛቸው፤ 10 ጀልባዎች ጠፍተው 58 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቤት ያለ አባት ቀረ። ባልዋ በባሕር ለጠፋባት ሴት ሹራብና የእግር ሹራብ መሥራት የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም። ላሚቱ መታለብ አለባት፤ ሕፃኑም መብላት አለበት። ኀዘንዋ እስኪያልቅ ብትጠብቅ ኖሮ ቤትዋ በተራበ ነበር። በኀዘን መካከል የተሠራ ዙር በደስታ ቀን ከተሠራው ዙር ያነሰ አይደለም፤ ሁለቱም በአንድ ልብስ ውስጥ ጐን ለጐን ይቆማሉ፥ ሰውንም እኩል ያሞቃሉ።

3ኛ፤ ስለ ሠራተኛ ዋጋ

ስለ ትዕግሥት ስንናገር ግን አንድ ነገር ልንሰውር አይገባንም። በዚያን ዘመን ብዙዎቹ ነጋዴዎች ለሹራብ ሠራተኞች ዋጋቸውን በገንዘብ አይከፍሉም ነበር። ሻይና ጨርቅ ይሰጡአቸው ነበር እንጂ። ዱቄት የሚያስፈልጋት ሴት የተሰጣትን ሻይ ይዛ፥ በዱቄት የሚለውጥላት ሰው ፍለጋ ወደ ጎረቤት ትዞር ነበር። መንግሥትም ይህን ነገር የሚመረምር ሰው ልኮ፥ የሠራተኞቹ ቃል በ1872 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታተመ። ልማዱ ግን ወዲያው አልቆመም።

እንግዲህ ትዕግሥት ለሠራተኛው ክብር ነው፤ ለከፋዩ ግን ማመካኛ ሊሆን አይችልም። እናንተ በከተማ የምትኖሩ ሆይ፥ በእጅ የተሠራ ነገር ልትገዙ ስትከራከሩ፥ «ተቀምጣ የሠራችው አይደለምን? ምን ደከመች?» አትበሉ። ያን 60,000 ቀለበት አስቡ። የክሩን ዋጋ ብቻ ከፍሎ የእጁን ድካም በነጻ የሚወስድ ሰው፥ ምንም በገበያ ሕግ ባይከሰስ፥ የባልንጀራውን ቀን ወስዶአል።

4ኛ፤ ስለ ወደቀ ቀለበትና ስለ መተርተር

ከመርፌው አንድ ቀለበት ቢወድቅና ቶሎ ባይነሣ፥ ከበታቹ ያለው ይፈታል፤ ከዚያም በታች ያለው ይከተላል፤ በጨርቁም ላይ እንደ መሰላል ያለ ክፍት መንገድ ይታያል። ቶሎ የተመለከተችው ሴት ግን በኪሮሽ ወይም በመርፌ ጫፍ ቀለበቱን ይዛ ከረድፍ ወደ ረድፍ ወደ ላይ ታወጣዋለች፤ ስፍራውም አይታወቅም። የቤት ጠብ፥ የትንሽ ብድር፥ የተቋረጠ ትምህርት ነገርም እንዲሁ ነው። በጊዜው ሲነሣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሲቆይ ግን እየወረደ ይሰፋል።

ሁሉ ስሕተት በኪሮሽ አይቃናም። ልኩ ከመጀመሪያ የተሳተ እንደ ሆነ፥ እስከ ስሕተቱ ስፍራ መተርተር ግድ ነው። ይህ ለልብ ከባድ ነው፤ የ10 ሌሊት ሥራ በጥቂት ጊዜ ክር ሆኖ ይመለሳልና። ነገር ግን ክሩ አልጠፋም። የተተረተረ ሱፍ ተጨማድዶ ይገኛል፤ ታጥቦ፥ ጥቂት ክብደት ታስሮበት ተሰቅሎ ሲደርቅ ይቃናል፥ እንደ ገናም ይሠራበታል። ሥራው ፈረሰ ማለት ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም፤ እጅ የተማረው ከእጅ አይተረተርምና።

5ኛ፤ በስተ ኋላ ስለሚሄደው ክር

በሼትላንድና በኦርክኒ መካከል ፌር አይል የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፤ በብዙ ቀለም ያጌጠ ሹራብ በስምዋ ይጠራል። ልማዱ በአንድ ረድፍ 2 ቀለም ብቻ ማግባት ነው። አንዱ ቀለም በፊት ሲታይ ሁለተኛው ክር በስተ ኋላ ተሰውሮ አብሮ ይሄዳል። ይህ የተሰወረ ክር እጅግ ቢጠብቅ ጨርቁ ይኮማተራል፤ እጅግ ቢላላ በልብሱ ውስጥ ጣት ይይዛል፤ በልክ ቢሄድ ግን ልብሱን ወፍራምና ሙቅ ያደርገዋል። የሰው ኀዘንም እንዲህ ነው። በሥራ ሰዓት በፊት ባይታይም በስተ ኋላ አብሮ ይሄዳል። የለም ብለን አንካደው፤ አጥብቀንም አንሳበው።

የሹራቡ ሥራ ራሱ ውጣ ውረድ አይቶአል። በ1922 ዓ.ም. የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ኤድዋርድ የፌር አይል ሹራብ ለብሶ ጎልፍ ሲጫወት ስለ ታየ፥ ፈላጊው በዛ። ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በባሕሩ ነዳጅ ዘይት ስለ ተገኘ ብዙ ሰዎች ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። በ2010 ዓ.ም. በደሴቶቹ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሹራብ ትምህርት ቀረ፤ በኋላ ግን በፈቃዳቸው የተነሡ ሰዎች ልጆችን ማስተማር ጀመሩ። ቀለበቱ ወድቆ ነበር፤ ያየው ሰው አነሣው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ተማሪ ሆይ፥ ጸጥ ያለ ወር አትጠብቅ፤ ዛሬ አንድ ገጽ አንብብ። የቤት እመቤት ሆይ፥ ሕፃኑ በተኛበት ሩብ ሰዓት የጀመርሽውን አትናቂ። ነጋዴ ሆይ፥ የዕለቱን ሒሳብ ለዕለቱ ጻፍ። ሥራችሁን በቀላሉ ሊያቆሙትና ሊያነሡት በሚቻል መጠን ከፍላችሁ ያዙት፤ ችግር ሲመጣ አስቀምጡት፥ ሲያልፍም ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

ለማሰብ የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

1. «ሲመቸኝ» እያልሁ ያቆየሁት ሥራ የትኛው ነው? ዛሬ ሊሠራ የሚቻለው አንዱ ረድፍስ ምንድር ነው?
2. በቤቴ ወይም በሥራዬ የወደቀ፥ ነገር ግን ገና ያላነሣሁት ቀለበት አለን?
3. የእጁን ድካም ሳልከፍለው የቀረሁ ሰው አለን?