የበግ በጠጥ ምርመራ፦ የሚንሳፈፈውንም የሚዘቅጠውንም እንቁላል መፈለግ

ረግረግ ላይ የሚግጥ በግ ከስቶ፣ ከመንጋጋው ሥር ውሃ ቋጥሮ፣ የዓይኑ ቆብ ውስጡ ነጥቶ ሲመጣ በሽታው ከጨጓራ ትል ወይም ከጉበት ትል ሊሆን ይችላል። አንዱን የሚገድል መድኃኒት ሌላውን ላይነካው ይችላል። ስለዚህ በአንድ ዘዴ ብቻ አይቶ «ነጻ ነው» ማለት በጉንም ባለቤቱንም መበደል ነው።

ናሙናው ጓንት አጥልቆ ከፊንጢጣ ይወሰዳል፤ መሬት ላይ የወደቀው የየትኛው በግ እንደሆነ አይታወቅም፣ የአፈር ትልም ይገባበታል። የበጉን መለያና ቀኑን በክዳኑ ላይ ሳይሆን በዕቃው ገላ ላይ ይጻፉ፤ ክዳን ይቀያየራል። ወዲያው የማይመረመር ከሆነ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጥ፤ በረዶ ግን አይሁን። ሙቀት ላይ ሲውል እንቁላሉ ይፈለፈልና ቆጠራው ያንሳል።

መጀመሪያ ማንሳፈፍ። በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ 400 ግራም ያህል የገበታ ጨው ይበጥብጡ፤ ጥቂቱ ሳይሟሟ ከሥር ከቀረ ውሃው በቅቶታል፣ ከላይ ያለውን ይጠቀሙ። 3 ግራም በጠጥ በ42 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ አድቅቀው በሻይ ማጥለያ ያጥልሉ። የተጠለለውን እያማሰሉ በጠብታ መምጠጫ ቀድተው የማክማስተር መቁጠሪያ መስታወቱን ሁለቱንም ክፍል ይሙሉ። 5 ደቂቃ ይጠብቁ። እንቁላሉ ወደ ላይ ስለሚወጣ ማይክሮስኮፑን በመስመሮቹ ልክ ያስተካክሉ፤ ጠርዙ ወፍራም ጥቁር የሆነ ክብ ነገር የአየር አረፋ ነው። በሁለቱ ክፍሎች መስመር ውስጥ ያሉትን ደምረው በ50 ያባዙ፦ 14 ከተቆጠረ በግራም 700 እንቁላል ነው። ጨው መርጋት ሳይጀምር ይጨርሱ።

የጉበት ትል እንቁላል ግን ከባድ ነው፤ በዚህ የጨው ውሃ አይንሳፈፍም። ሌላ 3 ግራም በጠጥ በ50 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ያጥልሉና ረጅም ብልቃጥ ውስጥ 5 ደቂቃ ያስቀምጡት። ከላይ ያለውን ውሃ ቀስ ብለው ይድፉ፤ እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው እንቁላሉን አብሮ ይደፋል። ዝቃጩን በ5 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጠው አሁንም 5 ደቂቃ ያዝቅጡ፣ ይድፉ። አንድ ጠብታ ሚቲሊን ብሉ ጨምረው ዝቃጩን መስታወት ላይ ያድርጉ። የሣሩ ርዝራዥ ሰማያዊ ሲሆን የጉበት ትል እንቁላል ወርቃማ ቢጫነቱን ይዞ ይቀራል፤ ሞላላ ነው፣ በአንድ ጫፉ ክዳን አለው። ቅርጹ እሱን መስሎ ቀለም አልባ የሆነው የትልቁ ጨጓራ ትል እንቁላል ነው።

በውጤት ወረቀቱ ላይ ዘዴው ይጻፍ፦ «በማንሳፈፍ አልተገኘም» ሲባል ሐኪሙ ምን ገና እንዳልታየ ያውቃል። በዝቃጩም ባይገኝ በጉ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ የጉበት ትል በግ ውስጥ ከገባ በኋላ እንቁላል ለመጣል 10 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። በረግረግ ግጦሽ የዋሉ በጎች በድንገት መሞት ከጀመሩ በጠጥ ላይ ጊዜ አይጥፋ፤ የሞተው ተከፍቶ ጉበቱ ይታይ።