ትምህርት ስድስት፦ ባክቴሪያና ቫይረስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጆች፣ እግዚአብሔር ከፈጠራቸው ነገሮች መካከል በዐይናችን የማናያቸው ብዙ ናቸው። ዛሬ ከእነዚህ ስለ ሁለቱ እንማራለን።

ሀ. ባክቴሪያ

ባክቴሪያ አንድ ሴል ብቻ ያለው ሕያው ፍጥረት ነው። ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ራሱ ይመገባል፤ ለሁለት እየተከፈለም ይባዛል። ሙቀትና ምግብ ከተመቸው አንዳንዱ በየ20 ደቂቃው ይከፈላል። እስቲ አስሉት፤ አንዱ ባክቴሪያ ከአንድ ሰዓት በኋላ 8፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 64 ይሆናል። ወጥ አድሮ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ባክቴሪያ ሁሉ ጎጂ አይደለም። ወተት እርጎ የሚሆነው በባክቴሪያ ነው። በሽታ ከሚያመጡት መካከል ግን የኮሌራ፣ የታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያዎች ይገኛሉ።

ለ. ቫይረስ

ቫይረስ ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ ነው። የራሱ ሴል ስለሌለው ብቻውን ሊባዛ አይችልም። ወደ ሕያው ሴል ይገባና ሴሉ ሌሎች ቫይረሶችን እንዲሠራለት ያደርጋል። ጉንፋን፣ ኩፍኝና ፖሊዮ በቫይረስ ይመጣሉ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ ወደ አገራችን መግባቱ ተነገረ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ገና ሕፃናት ነበራችሁ። በምሥራቅ አዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም ቦሌ ያለው የሚሊኒየም አዳራሽ የሕሙማን ማከሚያ ሆኑ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውንም የትንሣኤ በዓል ብዙ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው አከበሩ። በሽታው በትንፋሽ ስለሚተላለፍ፣ ራስን መጠበቅ አረጋውያንንና ሕሙማንን መጠበቅ ነበር። ይህም ባልንጀራን መውደድ ነው።

ሐ. መድኃኒትና ክትባት

ልዩነታቸውን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? እንደ አሞክሳሲሊን ያለ መድኃኒት ባክቴሪያን ያጠፋል፤ ቫይረስን ግን አይነካውም። ስለዚህ ጉንፋን ለያዘው ልጅ ከጎረቤት የተረፈ እንክብል መስጠት አይገባም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ደግሞ ለወራት ይወሰዳል። ሕመምተኛው «ተሻለኝ» ብሎ ቢያቋርጥ የቀሩት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ሊቋቋሙት፣ ወደ ቤተሰቡም ሊተላለፉ ይችላሉ።

ብዙ የቫይረስ በሽታዎችን የምንከላከለው በክትባት ነው። ፈንጣጣ በክትባት ከዓለም መጥፋቱ በ1972 ዓ.ም. ታውጇል።

ልጆች፣ ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን ያስተምረናል። በቤታችሁ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ሰዓቱን በማስታወስ እርዱት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ንጹሕነቱን ያላወቃችሁትን ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ።

መልመጃ

1. ባክቴሪያ እንዴት ይባዛል? ቫይረስስ?
2. በቤታችን የሚጠቅመንን አንድ የባክቴሪያ ሥራ ተናገሩ።
3. አሞክሳሲሊን ጉንፋንን የማያድነው ለምንድን ነው?
4. መድኃኒት ማቋረጥ ሌላውን ሰው እንዴት ይጎዳል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።