ልጅዎን ደጃፍ ላይ አውጥተው ዓይኑን ይዩት

በተለምዶ የደም ካንሰር የምንለው ሉኪሚያ ከልጆች ካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው። የሚነሳው ከመቅኔ ነው። የታመሙት ሴሎች መቅኔውን ሲሞሉት ቀይ የደም ሴልና ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ያንሳሉ። ዓይን ላይ ቀድሞ የሚታየውም በአብዛኛው ይኸው እጥረት ነው።

ምርመራውን በቀን ብርሃን ያድርጉት፤ የአምፖል መብራት ቀለም ያሳስታል። እጅዎን ታጥበው ልጁን በር ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው ያስቀምጡትና የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣትዎ ቀስ አድርገው ወደ ታች ይሳቡት። ውስጡ ቀላ ያለ መሆን አለበት። በመስታወት ከራስዎ ጋር ያስተያዩት። ነጣ ካለ ደም አንሶት ሊሆን ይችላል። ወባም የምግብ እጥረትም ደም ያሳንሳሉና አይደንግጡ፤ ሳያስመረምሩ ግን አይለፉት።

ቀጥሎ ጣትዎን እያንቀሳቀሱ ወደ ላይና ወደ ጎን እንዲያይ ያድርጉና ነጩን ክፍል ይመልከቱ። ኃይለኛ ሳል ወይም ትውከት ዓይን ላይ ደም ሊያቋጥር ይችላል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። ሳይመታና ሳያስለው ከቋጠረ ግን ልብሱን አውልቀው ገላውን ይዩ። እግሩ ላይ ሲጫኑት የማይደበዝዝ ቀይ ነጠብጣብ፣ ሳይወድቅ የመጣ ብልዝ ወይም የድድ መድማት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

አንዱ ዓይን ከሌላው ይበልጥ ከፈጠጠ፣ በድንገት ከሸወረረ ወይም የላይኛው ቆብ ከወደቀም እንዲሁ ነው። ሕፃን ልጅ ማየት እንዳቃተው አይናገርም። እየተጫወተ ሳለ አንዱን ዓይን በመዳፍዎ ይሸፍኑ፣ ከዚያ ሌላውን። አንደኛው ሲሸፈን ብቻ ከተነጫነጨ ያልተሸፈነው ዓይን ላይ ችግር ሊኖር ይችላል።

በፎቶ ላይ ብሌኑ ነጭ ሆኖ ከታየ ሌላ፣ ከራሱ ከዓይን የሚነሳ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ እሱም ጊዜ አይሰጥም።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ የዓይኑን ብቻ አይንገሩ። ትኩሳቱን፣ ድካሙን፣ «እግሬን አመመኝ» ብሎ ሌሊት ማልቀሱንም ይናገሩ፤ ሙሉ የደም ምርመራና በማይክሮስኮፕ የሚታይ የደም ናሙና ይጠይቁ። የዓይን ጠብታ ብቻ ይዘው እንዳይመለሱ እለምንዎታለሁ። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ከመድኃኒት ቤት ገዝተው አይስጡት፤ በሽታውን ለጊዜው ደብቆ ምርመራውን ያበላሻል። አስፕሪንና ዲክሎፌናክም መድማቱን ያባብሳሉ። «የሰው ዓይን አርፎበት ነው» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ጸሎቱም ጠበሉም ይኑር፣ የደም ምርመራው ግን ለነገ አይደር። በጊዜ ሕክምና አግኝተው የሚድኑ ልጆች ብዙ ናቸው፤ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳም የልጆች ካንሰር ሕክምና ይሰጣል።