የፌስቲቫል ወሬ ሰምተው «ኦስካሩ አለቀ» ከማለትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ቡናው መቅላት በሚጀምርበት ሰሞን ስልካችን ላይ አንድ ዓይነት ዜና ይበዛል። አንዱ ፊልም ቬኒስ ላይ ተጨበጨበለት፣ ሌላው ቶሮንቶ ላይ ተመልካቹን አስለቀሰ፣ የመጋቢቱ ኦስካር ከአሁኑ ባለቤት አገኘ ይባላል። ፊልሙ የኢትዮጵያዊ ከሆነማ ደስታችን እጥፍ ነው። ከጓደኛዎ ጋር ምሳ ከመወራረድዎ በፊት ግን የሚከተሉትን ይጠይቁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የፈረደው ማን ነው?

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ይህ ነው። ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከጌሻ ደን፣ በ1930ዎቹ የተወሰደው የቡና ዘር ስሙ በዓለም የገነነው በ2004 ፓናማ ውስጥ በተደረገ የቅምሻ ውድድር አሸንፎ ነው፤ በጨረታውም አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ወጣለት። ቀማሾቹ ሲኒውን ሲያነሱ ቡናው የማን ማሳ እንደሆነ አያውቁም ነበር። የፊልም ዳኛ ግን የዳይሬክተሩን፣ የተዋናዩንና የአከፋፋዩን ስም አውቆ ነው አዳራሽ የሚገባው።

የዳኞቹ ቁጥርም ልዩነት ያመጣል። የካን ፌስቲቫል ዋና ውድድር ዳኞች አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ ናቸው፤ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ግን ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ድምፅ ሰጪዎች አሉት። ዘጠኝ ሰዎች ተከራክረው የሚመርጡት ደፋር ፊልም ለብዙ ሺህ ሰው ሊከብድ ይችላል። «ፓራሳይት» በ2019 የካንን ወርቃማ ዘንባባ ወስዶ የኦስካርን ምርጥ ፊልም ሲጨምርበት፣ ከ1955ቱ «ማርቲ» ወዲህ ሁለቱን አንድ ላይ ያገኘ አልነበረም። ከዚያ የ2024ቱ የካን አሸናፊ «አኖራ» ደገመው፤ ስለዚህ መንገዱ ከድሮው ሰፋ ብሏል፣ ግን አሁንም ዋስትና አይሆንም። የቶሮንቶ ዋና ሽልማት የሚሰጠው በተመልካች ድምፅ በመሆኑ ለአካዳሚው ጣዕም ይቀርባል፤ «ስላምዶግ ሚሊየነር»፣ «ግሪን ቡክ» እና «ኖማድላንድ» በዚያው በር አልፈው የኦስካርን ምርጥ ፊልም ወስደዋል። በ2016 በቶሮንቶ ያሸነፈው «ላ ላ ላንድ» ግን ምርጥ ፊልምን ለ«ሙንላይት» ለቋል።

ጭብጨባው ስንት ደቂቃ ነበር?

ይህንን አይቁጠሩት። በካንና በቬኒስ ቆሞ ማጨብጨብ ለእንግዳ የሚሰጥ ክብር ነው። «ዘ ሩም ኔክስት ዶር» በ2024 ቬኒስ ላይ ከሩብ ሰዓት በላይ ተጨበጨበለት፣ ወርቃማውን አንበሳም ወሰደ። ለኦስካር ግን በአንድም ዘርፍ አልታጨም።

ፊልሙ ለውድድሩ ቀርቧል?

በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ የቆየው ደንብ አንድ አገር በዓመት አንድ ፊልም እንዲልክ ነው፤ ፊልሙም ቢያንስ ለሰባት ተከታታይ ቀናት በሲኒማ ቤት መታየት አለበት። በዚህ ደንብ ያልተላከ ፊልም የቱንም ያህል ቢወደስ ከዚህ ዘርፍ ውጭ ነበር።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አገኘ። በካርቴጅ የወርቅ ታኒት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ የየኔንጋ ወርቃማ ፈረስ ተጨመረለት። ኢትዮጵያ ለኦስካር ፊልም መላክ የጀመረችው ግን በ2010 ነው፤ የተላከውም ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራው «አትሌቱ» ነበር። ለእኔ ከፊልሞቻችን ሁሉ ታላቁ የሆነው «ጤዛ» በዚያ ዘርፍ አልተወዳደረም።

«ድፍረት» በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ይዞ መጣ። አገር ቤት ግን የምረቃው ምሽት በአዲስ አበባ በፍርድ ቤት እግድ ተቋረጠ። ፊልሙ ለኦስካር ቢላክም አልታጨም። በዚያው ዓመት ከአፍሪካ ከመጨረሻዎቹ አምስት እጩዎች የገባው የሞሪታንያው «ቲምቡክቱ» ነበር።

ማን ገዛው?

ወሬው የሚደብቀው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ድምፅ ሰጪዎቹ ፊልሙን እንዲያዩት አንድ አከፋፋይ በሎስ አንጀለስና በኒውዮርክ አዳራሽ ይዞ ማሳየት፣ ማስታወቂያ ማስነገርና ወራት ሙሉ ገንዘብ ማውጣት አለበት። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም ሆነ፤ አገሪቱም ላከችው። ኦስካሩን የወሰደው ግን ከዚያው ካን ግራን ፕሪ የተባለውን ሽልማትና ትልቅ የአሜሪካ አከፋፋይ ይዞ የወጣው የሃንጋሪ «ሰን ኦቭ ሳውል» ነው። ስለ ሐረርና ስለ ጫት የተሠራው የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» በ2021 ከሰንዳንስ ተነስቶ እስከ ኦስካር የ15 ዘጋቢ ፊልሞች ቅድመ ዝርዝር ደረሰ፤ ከአምስቱ እጩዎች ግን አልገባም።

የኃይሌ ገሪማ ሌላ ፊልም የሆነው የ«ሳንኮፋ» ታሪክ ልብ ይነካል። ፊልሙ በ1993 በርሊን ላይ ለዋናው ውድድር ቀረበ፤ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ሲጠፋ ኃይሌ ገሪማ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ በየከተማው አሳየው፣ ሕዝቡም ተሰልፎ አየው። የአካዳሚው ሙዚየም ኃይሌን ያከበረው በ2021 ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ዘግይቷልና በእኔ እምነት ዕዳው የአካዳሚው እንጂ የፊልሙ አይደለም።

ቀኑ ምን ይላል?

ሰንዳንስ በጥር፣ ካን በግንቦት፣ ቬኒስና ቶሮንቶ በነሐሴና በመስከረም ይካሄዳሉ። የ15ቱ ዝርዝር በታኅሣሥ፣ አምስቱ እጩዎች በጥር አካባቢ ይታወቃሉ። በጥር የታየ ፊልም ከአንድ ዓመት በላይ ከድምፅ ሰጪዎች አእምሮ ሳይወጣ መቆየት አለበት፤ ይህም ያው የገንዘብ ጉዳይ ነው። መወራረድዎ ካልቀረ የ15ቱን ዝርዝር ይጠብቁ።

ሽልማቱ ባይመጣስ?

በ2006 ሰንዳንስ ላይ የታየው «ብላክ ጎልድ» የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን አቶ ታደሰ መስቀላን ተከትሎ፣ ገበሬው በሚያገኘውና ጠጪው በሚከፍለው መካከል ያለውን ርቀት ያሳየ ዘጋቢ ፊልም ነው። ኦስካር አላገኘም። በቡና አገር የፊልም ክበብ ለማቋቋም ካሰቡ፣ የመጀመሪያው ምሽት ፊልም እሱ ቢሆን እመርጣለሁ፤ «ጤዛ»ን ለሁለተኛው።