የቦያችን ውሃ ከጠለፋው በላይ ይጀምራል
ለባህላዊ መስኖ ተጠቃሚ አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

በየካቲትና በመጋቢት በቦይ ላይ የሚነሳው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ «ተራዬን ወሰደብኝ» የሚል ነው። የላይኛው ውሃውን ሲያሳድር የታችኛው ሽንኩርት ይደርቃል፤ የውሃ አባቱም ሌሊት ሳይቀር ሲያስታርቅ ይከርማል። ተራ ማስከበር ተገቢ ነው። ነገር ግን ከአሥር ዓመት በፊት በመጋቢት ሁሉን ያዳርስ የነበረ ውሃ ዛሬ በዚያው ወር ግማሹን ካላዳረሰ፣ ችግሩ በተራ ብቻ አይፈታም። ከጠለፋው በላይ ያለውን መሬት ማየት ያስፈልጋል።

ከላይ ምን ተለወጠ?

ከጮቄ ተራራ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈውን የጨሞጋን ወንዝ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 ያለው መረጃ በጥናት ሲታይ፣ የበጋው ዝናብ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ሳያሳይ የወንዙ የበጋ ውሃ ቀንሷል። አጥኚዎቹ በምክንያትነት ያነሱት የተፈጥሮ ዕፅዋት መመናመንን፣ የእርሻ መስፋፋትን፣ ከልክ ያለፈ ግጦሽንና የባህር ዛፍ መብዛትን ነው።

እነዚህ ሁሉ ጉዳታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ተራራ የክረምቱን ዝናብ በሆዱ ይዞ በበጋ በምንጭ ቀስ እያለ ያወጣል። ተዳፋቱ ሲታረስና በከብት ሲረገጥ ዝናቡ ሳይሰርግ በጎርፍ ይሄዳል፤ ያው ጎርፍ ደለል ተሸክሞ ቦያችሁን ይደፍናል። ባህር ዛፍ ደግሞ በምንጭ ዳር፣ በወንዝ ዳርና በረግረግ ላይ ሲተከል፣ በጋውንም ቅጠሉን ሳያራግፍ፣ የሰረገውን ውሃ ወደ ቦይ ከመድረሱ በፊት ይጠጣዋል። በዚህ ላይ ከጠለፋው በላይ የሚተከለው የውሃ መሳቢያ ሞተር ይጨመራል።

ውሃችሁን ለኩ

ያለ ልኬት የሚደረግ ክርክር ማብቂያ የለውም። አነስተኛ ውሃ ከሆነ በድንጋይና በጭቃ ገድባችሁ ሁሉንም በአንድ ቧንቧ አሳልፉት። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ በሞባይል ሰዓት ያዙ፤ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። በ4 ሴኮንድ ከሞላ ውሃው በሴኮንድ 5 ሊትር ነው።

አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ 4 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያህል ለማጠጣት 100,000 ሊትር ይፈጃል። በሴኮንድ 5 ሊትር ሲሆን ይህ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ሌትና ቀን ብታጠጡ በ10 ቀን ተራ 43 ጥማድ ይዳረሳል። ውሃው ወደ 3 ሊትር ሲወርድ ግን አንዱ ጥማድ ከ9 ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ በ10 ቀን የሚዳረሰውም 26 ጥማድ ብቻ ነው። ይህ በቦይ ውስጥ የሚሰርገውን ሳይጨምር ነው። የቀረውን 17 ጥማድ የትኛውም የውሃ አባት፣ የቱንም ያህል ፍትሐዊ ቢሆን፣ ሊያጠጣው አይችልም።

ከላይኞቹ ጋር መስማማት

የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ማህበራችሁ ሕጋዊ ሰውነት እንዲያገኝና መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው ያስችላል። ይሁን እንጂ አባላቱ ከቦዩ የሚጠጡት ናቸው። በምንጩ ዳር ባህር ዛፍ የተከለው ሰው ከቦያችሁ ጠብታ አይደርሰውም፤ በደንባችሁም ልትቀጡት አትችሉም።

እሱም ያለ ምክንያት አልተከለም። ባህር ዛፍ ከብት አይበላውም፣ ማዳበሪያና ዕለታዊ ጉልበት አይጠይቅም፣ በቸገረ ጊዜ ተሸጦ ገንዘብ ይሆናል። «ቁረጥ» ማለት ብቻ «ገንዘብህን ጣል» ማለት ነው። ስለዚህ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። በማሳው ላይ እርከን የምትሠሩበት የጉልበት ቀን፣ ከተከለለው ቦታ የሚታጨድ ሣር፣ የአፕል ወይም የጌሾ ችግኝ ልታቀርቡለት ትችላላችሁ። መጀመሪያ የምትጠይቁትም የምንጩን ዙሪያና የወንዙን ዳር ብቻ ይሁን፤ ከውሃው ርቆ በደረቅ ተዳፋት ላይ ያለውን ዛፍ ተዉለት። የተቆረጠው ጉቶ እንደሚያቆጠቁጥ አትርሱ፤ ተቆፍሮ ካልወጣ በሁለት ክረምት ተመልሶ ይቆማል።

ስምምነቱን በቃል አትተዉት። በቀበሌው የመሬት አስተዳደርና በተፋሰስ ኮሚቴው ፊት በጽሑፍ ይሁን፤ ማን ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ሞተር በየትኛው ቀን እንደሚያርፍ ይገለጽ።

እስከሚቀጥለው ሥልጠና የምትሠሩት

የውሃ አባቱን፣ ከላይኞቹ ሁለት ሰዎችንና የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ይዛችሁ ከጠለፋው እስከ ምንጩ በእግር ውጡ። ወይዛዝርቱንም ጥሩ፤ ውሃ የሚቀዱት እነሱ ስለሆኑ የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ ከማንም በላይ ያውቃሉ። በምንጭ ዳር ያለውን ባህር ዛፍ፣ አዲስ የታረሰውን ተዳፋትና ሞተሮቹን ቆጥራችሁ መዝግቡ። ልኬቱንም በየወሩ በ15ኛው ቀን ጠዋት፣ ማንም ውሃ ሳይከፍት፣ አድርጋችሁ መዝገቡን ይዛችሁ ኑ።